ከፊት የተቀመጠው ስም

ጥቁር የለበሰች ሴት ስትናገር ሰው ሁሉ አንገቱን ይደፋል። እውነት ተናገረች ወይስ ተሳሳተች ብሎ የሚመረምራት የለም። ሐዘኗ ይበቃታል ይባላል። ይህን ልማድ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ እኔም ለሌሎች ሐዘንተኞች አንገቴን ስደፋ ኖሬያለሁ። በዚህ ልማድ ሰው መጉዳት እንደሚቻል ያወቅሁት ግን ራሴ ጥቁር ከለበስኩ በኋላ ነው። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ፤ ስለዚህ ነገር ስጽፍ እጄ ቶሎ አይሄድልኝም።

ባለቤቴ ዶክተር ኃይሉ እዚህ ሐዋሳ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። ሙያው ሮቦት ነው። ሮቦት ሲባል ሰው እጅና እግር ያለው ብረት ይመስለዋል። የኃይሉ ሮቦት ግን ከልብስ ማጠቢያ ሳፋ ብዙም የማትበልጥ ጀልባ ነበረች። ሰው ሳይነዳት ሐይቁ ላይ ትሄዳለች፤ ውኃው ደፍርሶ ምንም በማይታይበት ቦታ ከሥሯ ያለውን እየለካች መንገዷን ራሷ ትፈልጋለች። ሊሞክሯት ዓሣ ገበያው ወዳለበት አሞራ ገደል ሲወስዷት ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ትተው ይሰበሰቡ ነበር።

"ዶክተር፣ ዛሬም ባዶዋን ተመለሰች? አንድ ቆሮሶ ዓሣ እንኳ አትይዝም እንዴ?" ይሉታል።

"ምን ላድርግ፣ ጾመኛ ናት" ይላቸዋል ኃይሉ።

እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ የአማርኛ አስተማሪ ነኝ። ልጅ አልወለድንም። የኃይሉ ቅዳሜና እሑድ የጀልባዋ ነበር፤ ክረምቱም የእሷ ነበር። አንዳንዴ እቆጣለሁ፣ አንዳንዴ ዝም እላለሁ። ውሎ አድሮ ግን ከራሴ ጋር አንድ ስምምነት ያደረግሁ ይመስለኛል፤ ከእኔ የወሰደው ጊዜ ትልቅ ነገር ላይ ውሏል፣ ስሙን የሚያስጠራ ሥራ ሆኗል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ማርቆስ የኃይሉ ተማሪ ነበር፤ በኋላ ዶክትሬቱን ይዞ እዚያው ትምህርት ክፍል መምህር ሆነ። የወላይታ ሰው ነው፤ የሁለት ልጆች አባት። ኃይሉን "ጋሼ"፣ እኔን "እትዬ" ይለናል። ኃይሉ ሆስፒታል በተኛ ጊዜ ከእኔ ጋር እየተፈራረቀ ያስታመመው እሱ ነው። ሲሞትም ድንኳኑን ያስተከለው፣ ወንበሩን ያስመጣው፣ እንግዳ የተቀበለው እሱ ነው። ሰዎች ልጃችን ይመስላቸው ነበር።

ኃይሉ ገና በእግሩ ሲሄድ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቅ ዳር በእግረኛው መንገድ ቀስ እያልን ስንሄድ ደክሞት አንድ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ሳልጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

"አስካለ፣ የድፍርስ ውኃውን ጽሑፍ ታውቂዋለሽ አይደል? ዓለም ሁሉ የሚጠቅሰውን?"

"አንተ ስታወራው እሰማለሁ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ።"

"የማርቆስ ሥራ ነው። ሐሳቡም የእሱ፣ ስሌቱም የእሱ፣ ሙከራውም የእሱ። እኔ አርሜለታለሁ፣ ያ ብቻ ነው።"

"ታዲያ ስምህ ለምን ከፊት ሆነ?"

"እምቢ አለኝ። 'ከጋሼ በፊት ስሜ አይገባም፤ ሰው ምን ይለኛል' አለኝ። እኔም ሁለት ጊዜ ተከራከርኩት፤ በሦስተኛው እሺ አልኩ።" ጫማው ላይ የወደቀ ቅጠል አነሳ። "ደስ ብሎኝ ነው እሺ ያልኩት። አስተካክለዋለሁ።"

ሳያስተካክል ሄደ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። አርባው ካለፈ በኋላ በአንድ ሐሙስ ጠዋት የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ሰለሞን ወደ ቤቴ መጣ። ሜሮን የምትባል የምርምር ቢሮ ሠራተኛም ላፕቶፗን ይዛ አብራው መጥታለች። ቅዳሜ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ የኃይሉን መታሰቢያ ሊያደርጉ ነበር። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ሥራውም አብሮ እንዲታይ፣ ጽሑፎቹን ስንት ተመራማሪ እንደጠቀሳቸውና ከእነማን ጋር እንደሠራ ለክታ በሥዕል አዘጋጅታዋለች። አስቀድሜ እንዳየው ፈልገው ነው የመጡት።

ሜሮን ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈተችው። ክቦችና መስመሮች ነበሩ።

"እትዬ፣ መሐል ላይ ያለው ትልቁ ክብ ዶክተር ናቸው" አለችኝ። "ሌሎች ተመራማሪዎች የእሳቸውን ሥራ ብዙ ጊዜ በጠቀሱ ቁጥር ክቡ ይተልቃል። እነዚህ ትናንሾቹ አብረዋቸው የጻፉ ሰዎች ናቸው። መስመሩ ከወፈረ ብዙ ሥራ አብረው ሠርተዋል ማለት ነው።"

"ይሄ ወፍራሙ ማን ነው?"

"ዶክተር ማርቆስ።"

ትልቁን ክብ አየሁት። ብርቱካንማ ነው። ኃይሉ በሕይወቱ ይህን ያህል ሰፊ ቦታ ይዞ አያውቅም፤ ስብሰባ ላይ እንኳ ከኋላ ነበር የሚቀመጠው። እንባዬ መጣ። ሜሮን ደነገጠችና ልታጽናናኝ ብላ ማስረዳቷን ቀጠለች።

"በዚህ ዘርፍ ከአገራችን ይህን ያህል የተጠቀሰ ሰው ብዙ የለም። ከግማሽ በላዩ ደግሞ የአንድ ጽሑፍ ነው፤ የድፍርስ ውኃው።"

ለምን እንደጠየቅኳት አላውቅም። "እሱ ጽሑፍ ባይኖርስ?" አልኳት።

የዋህ ልጅ ናት፤ ላፕቶፑ ላይ አንድ ነገር ነካች። ክቡ ሟሸሸ። ከጎኑ ካሉት ምንም የማይለይ፣ ተራ ክብ ሆነ። ዕድሜዬ ሁሉ በዓይኔ ፊት ያነሰ መሰለኝ።

"መልሺው" አልኳት። መለሰችው።

ዶክተር ሰለሞን ጉሮሮውን ጠረገ። ሲመጣ ጀምሮ የሚያስጨንቀው ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር።

"እትዬ አስካለ፣ ይህን በዚህ ሰዓት ማንሳቴ ነውር ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። ማርቆስ ለተባባሪ ፕሮፌሰርነት አመልክቷል። እድገቱን ካገኘ ቤተ ሙከራውን እሱ ይረከባል፤ የጋሽ ኃይሉም ሥራ አይቋረጥም። ችግሩ ምንድን ነው፣ ይሄው ጽሑፍ ነው። ዋናው ሠሪ እኔ ነኝ ብሏል።"

"እንዴት ነው ያለው?"

"ጋሼን አክብሬ ነው ስማቸውን ያስቀደምኩት አለ። ልማዱ ሲሆን እንደዚያ ነው፤ ዋናው ጸሐፊ ለተባባሪው ፈርሞ ይመሰክርለታል። አሁን ጋሽ ኃይሉ የሉም። ሦስተኛው ጸሐፊ ውጭ አገር ያለ ሰው ነው፤ እኔ የገባሁት መጨረሻ ላይ ስለሆነ አላውቅም ብሎ ጻፈልን። የእድገት ኮሚቴው ግራ ገባው። ምናልባት ጋሽ ኃይሉ ለእርስዎ ያሉት ነገር ካለ ብዬ ነው። እንደው አንድ ቃል ቢሉኝ ይበቃኛል።"

ያ አንድ ቃል አፌ ውስጥ ነበር። ዛፉም፣ የኃይሉ ድምፅም፣ "ደስ ብሎኝ ነው" ያለውም ሁሉ በጆሮዬ ውስጥ ነበር። ዓይኔ ግን ክቡ ላይ ነው። አንድ ቃል ብናገር ቅዳሜ አዳራሹ ውስጥ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይሟሽሻል። ልጅ የለኝ፣ እሱ የለኝ። ክረምቶቼንና ቅዳሜዎቼን የከፈልኩበት ነገርም የሌላ ሰው ሊሆን ነው።

"ኃይሉ የሰው ሥራ በስሙ የሚያወጣ ሰው አልነበረም" አልኩ።

ዶክተር ሰለሞን አንገቱን ደፋ።

"ገብቶኛል እትዬ። ባልጠየቅንዎት ይሻል ነበር" ብሎ ተነሳ።

ሜሮን ላፕቶፑን ስትዘጋው እጇን ልይዝ ቃጣኝ። አልያዝኩትም። በሩ ላይ እየደጋገሙ እጅ ነስተውኝ ሄዱ። እኔ ያን ቀን ምሳ በላሁ። ይህን ሳስበው ዛሬም አፍራለሁ፤ ከኃይሉ ሞት በኋላ ምግብ የጣመኝ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ማርቆስ ነው፤ የመፍቻ ቦርሳውን ይዟል። የውኃ መሳቢያው ሞተር ከተበላሸ ሳምንት አልፎት ነበር፤ ዓርብ መጥቼ እሠራዋለሁ ብሎኝ ነበር። የሚመጣ አልመሰለኝም ነበር።

"እንዴት አደሩ እትዬ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን። ግባ።"

ወደ ጓሮ ዞሮ እጅጌውን ሰብስቦ ሥራውን ጀመረ። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። አሁን ይናገረኛል፣ አሁን ይናገረኛል እላለሁ። ሞተሩን ፈታ፣ አጸዳ፣ ገጠመ። አንዴ ብቻ ቀና ብሎ፣

"እትዬ፣ ይሄ ሞተር ከእኔ ይልቅ ጋሼን ነበር የሚፈራው" አለና ሊስቅ ሞከረ።

አልቻልኩም። "ነገሩህ?" አልኩት።

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። "ነገሩኝ።"

"ምን ብለው?"

"ማመልከቻህን ብታወጣው ይሻላል አሉኝ። ከኮሚቴው አንዱ ደግሞ የሙት ሥራ አይወረስም አለኝ።" እጁን በጨርቅ ጠረገ። ለረጅም ጊዜ ጠረገው። "ትናንት ማታ ለአስቴር ነገርኳት። ባለቤቴ ናትና መደበቅ አልቻልኩም። 'አንተ ነህ የሠራኸው ወይስ አይደለህም?' ብላ ጠየቀችኝ። አሥራ ምናምን ዓመት ስንኖር እንዲህ ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።"

"ለምን ሄደህ እንደዚህ ነው ብለህ አትከራከርም?"

"ከማን ጋር? ከእርስዎ ጋር?" አለኝ። ድምፁ ቁጣ የለውም፤ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። "አርባው እንኳ ካለፈ ገና ነው፤ ከሐዘንተኛ ጋር ሙግት አይገጠምም። ጋሼ ነግረዎት ከሆነ ያውቁታል። ካልነገሩዎት ደግሞ እርስዎ ምን ያድርጉ።"

በዚያች ቅጽበት "ነግሮኛል" ማለት እችል ነበር። እኔና እሱ ብቻ ነበርን። ውኃው ቧንቧው ውስጥ እየተንፎለፎለ መጣ፤ ማርቆስም "ይኸው መጣልዎት" ብሎ ተነሳ። ምሳ ብላ አልኩት፤ ክፍል አለኝ አለ። ዓርብ ከሰዓት ክፍል እንደሌለው አውቅ ነበር።

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ከፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። የሕይወት ታሪኩ ሲነበብ ክቡ ግድግዳውን አክሎ በትልቁ ታየ፤ ሰውም አጨበጨበ። ማርቆስ ከግራ በኩል በመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ወንበር ሞልቶ አይደለም። ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

"እዚያ የቆመው ነው እኮ።"

"የቱ? ለቅሶ ላይ እንግዳ ሲያስተናግድ የነበረው?"

"አዎ። አስከሬኑ ሳይቀዘቅዝ ሥራው የእኔ ነው ብሎ አመለከተ አሉ።"

"አቤት! እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው ነበር እኮ።"

"እንባ ምን ያወጣል ብለህ።"

ሐሙስ ዕለት አንድ ሹመት ያስቀረሁበት መስሎኝ ነበር። የወሰድኩበት ግን ስሙን ነበር። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ይህ ወሬ ሰኞ መሐል ከተማ ይደርሳል፣ በሚቀጥለው እሑድ ደግሞ አስቴር የምትዘምርበት ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሰሙታል።

መድረክ መሪው ቤተሰቡን ወክዬ እንዳመሰግን ስሜን ጠራ። ተነሳሁ። የተጻፈ ወረቀት ነበረኝ፤ አላወጣሁትም።

"ያ ትልቅ ክብ የኃይሉ ብቻ አይደለም" አልኩ። "ከግማሽ በላዩ የማርቆስ ነው። ጽሑፉን የሠራው ማርቆስ ነው። ኃይሉ በአፉ ነግሮኛል። ሐሙስ ስጠየቅ ዋሸሁ።"

ከዚያ አንዲት ሴት እዬዬ አለች፤ ሌሎችም ተከተሏት። ዶክተር ሰለሞን ሮጦ መጥቶ ክንዴን ያዘኝ።

"ይበቃዎታል እትዬ። ገብቶናል። ይቀመጡ።"

"አልገባችሁም፤ እኔ..."

"ገብቶናል፣ ገብቶናል።"

ሰው ተነስቶ አጨበጨበ። ስንወጣ ሽማግሌዎች ትከሻዬን እየሳሙ "እንዲህ ያለ ደግ ልብ! የባልሽን ክብር ለተማሪው አካፈልሽ፤ እግዜር ያጽናሽ" አሉኝ። ያ ከኋላዬ ሲንሾካሾክ የነበረው ሰው እንኳ እጄን ይዞ አለቀሰ። ማርቆስን ፈለግሁት፤ ሄዷል። ገባኝ። ትናንት ሌባ ነበር፣ ዛሬ ደግሞ የመበለት ምጽዋት የተሰጠው ሰው አድርጌዋለሁ።

ውሸቴን ሳይመረምሩ ያመኑኝ ሰዎች እውነቴን ሳይመረምሩ ለቅሶ አደረጉት። በሁለቱም ቀን ያዩት ልብሴን ነው።

ሰኞ ጠዋት ጥቁሩን አወለቅሁ። ዓመት ሊሞላ ብዙ ይቀረው ነበር። ሰማያዊ ቀሚስ ለበስኩ፤ ፀጉሬን አበጠርኩ። ባጃጅ ለመጥራት ስወጣ ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ልብስ ታሰጣለች። የያዘችው ልብስ እጇ ላይ ቀረ።

"እትዬ አስካለ... ምነው? ሰው ምን ይላል?"

"ይበል" አልኳት። ባጃጅ አስቁሜ ገባሁ።

ዶክተር ሰለሞን ሲያየኝ ብድግ አለ፤ ቀሚሴን አየ፣ ዓይኑን መለሰ። ኮሚቴውን ሰብስቡልኝ፣ ካልተሰበሰበ ከዚህ አልወጣም አልኩት። ከቀትር በኋላ ተሰበሰቡ። ማንም "እግዜር ያጽናዎት" አላለኝም። የኃይሉ የቆየ ባልደረባ የሆኑ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር ፊታቸውን አጥቁረው ተቀምጠዋል። ሐይቅ ዳር የሰማሁትን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ሐሙስ ለምን እንደዋሸሁም ነገርኳቸው። ይህን ጊዜ ማንም ክንዴን አልያዘም። ጠየቁኝ፤ አፋጠጡኝ። መቼ ነገሩዎት? ሌላ ማን ሰማ? ማርቆስ ለምኖዎት ነው? መለስኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከኃይሉ ሞት ወዲህ እንደ ጤነኛ ሰው ተቆጠርኩ።

በመጨረሻ ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ።

"እንግዲህ ወይዘሮ አስካለ፣ የሚሉት ይህ ነው። ዶክተር ኃይሉ፣ ያልሠሩትን ሥራ እያወቁ፣ እየተደሰቱ፣ በስማቸው አስወጥተዋል። ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ?"

ማርቆስ እምቢ ብሎት ነው ልል ፈለግሁ፤ ሁለት ጊዜ ተከራክሮታል ልል ፈለግሁ፤ ቀደም ሲልም ብያቸዋለሁ። እሳቸው ግን "አዎ ወይስ አይደለም?" አሉኝ። አይደለም ብል ማርቆስ ውሸታም ይሆናል። አዎ ብል ደግሞ መቃብሩ ላይ ገና ሐውልት ያልቆመለትን ሰው በገዛ አፌ እከሳለሁ።

"አዎ" አልኩ። "ይጻፍ።"

ማርቆስ እድገቱን አገኘ። ቤተ ሙከራውንም ተረከበ። ወሬው ግን አቅጣጫውን ቀየረ እንጂ አልሞተም፤ አሁን የሚባለው ኃይሉ የተማሪ ሥራ ይወስድ ነበር፣ ሚስቱም ዓመት ሳትሞላ ከል አወለቀች ነው። እኔ የሚባልብኝን እችላለሁ። የእሱ ነው ያቃተኝ። ያን አንድ ቀን እውነቱን ብናገር፣ ሐሙስ ጠዋት በቤቴ፣ በዝግታ፣ "የማርቆስ ነው፤ ኃይሉም ሊያስተካክለው አስቦ ነበር" ብል ኖሮ፣ ዶክተር ሰለሞን አንገቱን ደፍቶ ይቀበለኝ ነበር። የኃይሉም ስም እንደ ደግ መምህር ይነሳ ነበር። መርማሪም፣ ቃለ ጉባኤም አያስፈልግም ነበር። እውነቱን ያስወደድኩት እኔ ነኝ፤ የከፈለው ግን እሱ ነው።

ማርቆስ ከውሳኔው በኋላ አንድ ጊዜ መጣ። ሳሎን ገብቶ አልተቀመጠም።

"ስሜን መለሱልኝ እትዬ፤ እግዜር ይስጥልኝ" አለኝ። "አስቴርም ይቅርታ ጠየቀችኝ።"

"እኔስ? እኔን ይቅር አልከኝ?"

"በእኔ ያደረጉትን አዎ።" ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ዓርብ ዕለት ያጣሁት ቁጣ ያን ጊዜ መጣ። "ጋሼን ግን እንዲህ ብለው እንዲጻፍ እንዴት እሺ አሉ? እኔ ነኝ እኮ ስማቸውን ያስቀደምኩት! እኔ ነኝ! ያን ወረቀት የሚያነብ ሰው ሁሉ ሌባ ነበሩ ይላል። ከእንግዲህ በምን አፌ አስተማሩኝ ልበል?"

ወንበር ሳብኩለት።

"ትንሽ ጊዜ ይስጡኝ" ብሎ ወጣ።

ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ጥቁር የለበሳችሁ እህቶቼ፣ ስትናገሩ ሰው አንገቱን ሲደፋላችሁ እኔን አስቡ። ያን ጊዜ የሚከራከራችሁ ስለሌለ ከራሳችሁ ጋር ተከራከሩ። ለሞተው የምታዳሉ እየመሰላችሁ በሕይወት ያለውን እንዳትቀብሩ፤ ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ያን የቀበራችሁትን ለማውጣት ስትቆፍሩ የሟቻችሁን አጥንት አብራችሁ ታወጣላችሁ።

ማርቆስ ጊዜ ይስጡኝ ካለኝ ወራት አለፉ። መምጣቱን ተስፋ አደርጋለሁ። ቢመጣ ግን እኔም ራሴ የጥያቄውን መልስ ገና አላገኘሁም፤ በምን አፌ ደግ ባል ነበረኝ ልበል?